ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በእንዝርት ሲለካ

ለእህቴ ልጅ ለእናኑ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንደምን ነው? ወገብሽን አልጎዳውም? ባልሽ ማረውስ ዛሬም አንቺ አርግዘሽ እሱ ያቃስታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ሽምብራው እየተሰበሰበ ነው፤ ከላሞቹም ከእኔም የከሳ የለም።

ነገሩ የእናትሽ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ አንቺ መምጣት ካልቻልሽ እናትሽ ይታይሽ ወዳንቺ መምጣት አለባት። አውቶቡስ ወገቧን ስለሚያደቃት ማረው በአውሮፕላን ትምጣ ብሏል፤ የይለፍ ወረቀቱንም ከቀበሌው ተቀብያለሁ። የቀረው እሷን ማሳመን ነበር። «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው ሰማይ ላይ የምሰቀለው?» አለችኝ።

ከእንዝርቷ ክር ቆርጬ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ላይ ለካሁ። የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ማርቆስም ማደር አለ። ክሩ ቀጥ ብሎ ሲወጠር ግን ሦስት መቶ ሃያ ገደማ ነው። ትኬት ቆራጩም አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይበራል ብሎኛል። እናትሽ ግን በሰዓት አታምንም። ስለዚህ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩባትና፣ «ሁለተኛው እንዝርት ሳይሞላ አዲስ አበባ ነሽ» አልኳት። «እሱንስ እችላለሁ፤ ክሩም ለልጁ ማተብ ይሆናል» ብላ ባዘቶዋን ቋጠረች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትኬቱን ስቆርጥ ቀኑን አላየሁም፤ ነገ የካቲት ሃያ አንድ ነው። ትናንት ትዝ ሲላት፣ «አንተ ከንቱ፣ በማርያም ቀን ፍተይ ትለኛለህ? በምን ልቆጥረው ነው?» ብላ እንዝርቱን ከጓዟ አወጣች። አልሄድም አለች። የሚቀጥለው በረራ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያንቺ ወር ግን ሳምንት የሚጠብቅ አይመስለኝም።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሮጥኩ። እርሳቸውም ስቀው፣ «የተከለከለው መፍተል እንጂ መጸለይ አይደለም፤ መቁጠሪያዋን ትያዝ» አሉ። ስንት ዙር እንደሚሆን ብጠይቃቸው፣ «ለኪው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ዛሬ ከቀትር ጀምሮ እሷ «እግዚኦ» እያለች ስትቆጥር እኔ ሰዓቴን ሳይ ዋልን። አንድ ሰዓት ከሩቡ ሠላሳ ስድስት ዙር ሆነ። «ይሄ ሰማይ እንዲህ ሰፊ ኖሯል?» አለች። እሄዳለሁም፣ አልሄድምም አላለችም።

ይህን ደብዳቤ ነገ ባሕር ዳር ይዤው እወርዳለሁ። ከተሳፈረች በእጇ፣ ካልተሳፈረች በፖስታ ይደርስሻል፤ ቴምብር ገዝቻለሁ። በፖስታ ከመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወልዳ ያሳደገች ጎረቤት ለምኚ፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ።

ማረውን፣ አማቱ መምጣቷን ሰምቶ እንዳይሸሽ ብለሽ ሳሚልኝ። እናቱን እማማ ታይቱን ስትጽፊላቸው እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ሳይወለድ ያስቸገረንንም እንግዳ ሆድሽን ዳስሰሽ ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ ቢሻው
ወረታ፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

በማግስቱ፣ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ። እጇን ዘርግታ «አምጣው እንጂ!» እያለች ስለሆነ አሳጥራለሁ። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ሦስት ዙር ጨርሳለች፤ ሒሳቤን አበላሸችው። እንዝርቱንም መልሳ ጓዟ ውስጥ ከትታዋለች፤ ነገ ካንቺ ዘንድ ልትፈትል። ቴምብሩ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል።