በማቀዝቀዣው ሆድ ላይ ስለተለጠፈው የንብረት ቁጥር

ለተከበሩ የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ፣

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ወደ ታችኛው ሰፈር ገባ። ወንዙ ማክሰኞ በሰባት ሰዓት ዳርቻውን እንደሚጥስ የሚያስታውቀው የክፍላችን ትንበያ በዚያው ዕለት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ወጣ።

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን በሙሉ ጤናና በደረቅ ጫማ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በቢሮው የወንዝ ትንበያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ ኮምፒውተራችንን ለማፋጠን ያደረጉልንን ሁሉ ሕዝብ ሳያውቀው መቅረቱ ስለከነከነኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። የወንዙን ነገ የምታሰላልን አንዲት የጠረጴዛ ኮምፒውተር አለች። ሥራዋን ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ብትጀምር የምትጨርሰው ከሠላሳ ሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጣን ውኃ የምናውቀው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር እንዳንጠይቅ በደግነትዎ አስቀድመው ስለከለከሉን፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» የሚለው የጥገና ባለሙያ ሌላ መላ ዘየደ። ፋብሪካው ከወሰነላት ፍጥነት በላይ እንድትሠራ ማድረግ ይቻላል አለ፤ የሙያው ሰዎች ኦቨርክሎክ የሚሉት ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ ፈጣን ሜሞሪና ሙቀቱን የሚያወጣላት ጠንካራ ማቀዝቀዣ። ከቤቱ ባመጣው የራሱ ዕቃ ሞክሮ ሥራውን በአሥራ ስድስት ሰዓት አስጨረሳት። በማግስቱ ግን የግል ንብረት በቢሮ ውስጥ ማሳደር ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከክቡርነትዎ ስለደረሰው ዕቃውን በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተደረገልን ውለታ በቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ሜሞሪው። ሐኪሙ የመረጠው ባለ ሁለት ፍሬ ጥንድ ነበር፤ በግዥ ማመልከቻውም ላይ «መንትያ ናቸው፣ አብረው ሲሠሩ ነው የሚፈጥኑት፣ እባካችሁ አትለያዩአቸው» ብሎ አስምሮበታል። ሰባት አባላት ያሉት የግዥ ኮሚቴ አራት ጊዜ ተሰብስቦ ስለ ፍጥነታቸው አንድም ጥያቄ ሳያነሳ፣ ቀዩ ይሻላል ወይስ ጥቁሩ በሚለው ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ ጥቁሩን መረጠ። ዕቃው ሲመጣ ክቡርነትዎ በታወቀው ፍትሐዊነትዎ አንዱን ፍሬ ለእኛ፣ አንዱን ለፕሮቶኮል ክፍል አደሉ። አሮጌውን ጥንድ ካልመለሳችሁ አዲሱን አትረከቡም ስለተባልንም ሁለት መልሰን አንድ ተቀበልን። በርግጥ ውጤቱ አልዘገየም። የጎርፍ ተጎጂዎችን ለመጎብኘት የተዘጋጀው የጥሪ ወረቀት ከፕሮቶኮል ክፍል ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው ትናንት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጎርፉን የሚተነብየው ወረቀት ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው።

2ኛ. ስለ ማቀዝቀዣው። ይህ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ክቡርነትዎ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ሐኪሙ የመረጠው ማቀዝቀዣ ከላይ ሁለት ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ እንደ መስታወት የተወለወለ የመዳብ ሆድ አለው። ይህ ሆድ ስሌቱን በሚሠራው ፕሮሰሰር ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀምጦ ሙቀቱን ይስባል፤ ሌላ ሥራ የለውም። የመምሪያዎ መዝጋቢ ደግሞ እያንዳንዱ ንብረት ቁጥሩ በማይፋቅበትና በማይነካካ ቦታ ላይ እንዲለጠፍ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ በዕቃው ላይ ከዚያ ሆድ የተሻለ ለስላሳና ንጹሕ ቦታ አላገኘም። ስለዚህ በፕላስቲክ የተለበጠውን የንብረት ቁጥር እዚያው ላይ ለጠፈው። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካካውም። ኮምፒውተሯ ግን በተነሣች በአራተኛው ደቂቃ ዘጠና ሰባት ዲግሪ ገብታ፣ ነፍሷን ለማትረፍ ፍጥነቷን ራሷ ቀነሰች። እንዲህ ተፋጥና ሥራዋ ከሠላሳ ሰዓት ወደ ሠላሳ አራት ሰዓት አደገ።

በዚህ በኩል የእኔም ጥፋት አለበት። ዕቃውን ገልብጬ ሳላይ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ቁጥሩን ልጦ በማቀዝቀዣው ጎን ለመለጠፍ ቢጠይቅ፣ የንብረት ቁጥር ማንሣት ንብረት ከማሸሽ እንደማይለይ፣ ማንሣት የሚችለውም ሰባቱ አባላት የሚገኙበት ኮሚቴ ብቻ እንደሆነ ተገለጸለት። «እሺ፣ ሳላነሣው ማቀዝቀዣውን ልገልብጠው?» ብሎ ያቀረበው ሁለተኛ ማመልከቻም በቁም ነገር እየተጠና ነው መባሉን ሰምተናል።

3ኛ. ስለ ማራገቡ። ቸግሮን የኮምፒውተሯን የጎን ክዳን አውልቀን በተራ አራገብናት። የወንዝ ልኬት መዝጋቢዋ ባልደረባችን ያራገበችው በመምሪያዎ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ሲሆን፣ ሪፖርቱ ለሥራ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሙቀቷም ሁለት ዲግሪ ወርዶላት ነበር። ወዲያውኑ ማራገብ በማናችንም የሥራ መዘርዝር ውስጥ እንደሌለ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ በየስማችን ደረሰን፤ ክዳኑም ተመልሶ ታሸገ። ማሸጊያው ወረቀት የተለጠፈው አየር በምታስገባበት ቀዳዳ ላይ ነው።

የእነዚህ ሁሉ ውለታዎች ፍሬ ደግሞ አክስቴ ቤት ደርሷል። አክስቴ በታችኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ትናንት የስፌት መኪናዋን ከጎረቤቷ ጋር ተሸክማ ጠረጴዛ ላይ ከማውጣቷ ውኃው ጉልበቷ ደረሰ፤ ሰፍታ የጨረሰችው አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ግን ወለሉ ላይ ነበር። እሷም የተረፈችው በመሰላል ጣሪያ ላይ ወጥታ ነው። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ለሁላችንም ደስታ ነው፤ ለዚህ ግን ክፍሌም ሆነ መምሪያዎ ምስጋና መቀበል አይገባንም። በአሥር ሰዓት ትንበያውን በስልክ ሳነብላት ከጣሪያው ላይ ሆና፣ «አንተዬ፣ እናንተ ቢሮ የሚወጣው ትንበያ ነው ወይስ መርዶ?» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት አሳጥሮ ቢሯችንን «ጅብ ከሄደ» እያለ እንደሚጠራውም ነገረችኝ። ሐኪሙ ያሳየን አሥራ ስድስት ሰዓት ቢፈቀድልን ኖሮ ግን ሰኞ ምሽት በአራት ሰዓት፣ ውኃው ሊደርስ አሥራ አምስት ሰዓት ሲቀረው ልነግራት እችል ነበር። ክቡርነትዎ ማሻሻያውን ከነጭራሹ ባያደርጉልን ኖሮ እንኳ አንድ ሰዓት ይኖራት ነበር።

በንብረት አያያዝዎ ጽናት እየተደነቅሁ፣ አንድም ቁጥር ከቦታው ሳይነቃነቅ ሙሉ ሰፈር ከቦታው የተነቃነቀበትን ይህን የሥራ ዘመንዎን በአክብሮት እያሰብሁ፣ ክቡርነትዎ ባሉበት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከወንዝ ትንበያ ክፍል፣
አንድ ታዛዥ ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ የላይኛው ተፋሰስ ለኪ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ደውሎ ዝናቡ አለማባራቱን ነግሮናል። ስለዚህ የነገውን ስሌት በአሥራ ሁለት ሰዓት አስጀምረናል። ኮሚቴው ቁጥሩ ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚለውን ለመወሰን ነገ ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ነፋሻ ነው ተብሎ በተመረጠው በወንዙ ዳር አዳራሽ እንደሚሰበሰብ ተነግሮኛል። ለሰብሳቢው መልካም ስብሰባ እመኛለሁ። አዳራሹ ውኃ ይገባው አይገባው እንደሆነ የሚገልጸው ትንበያ ነገ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይወጣል፤ የኮሚቴው ውሳኔ የሚጠበቀው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።