ጸጥ ያለችው አሮጊት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? አዲሱ ጋራዥህ ሥራ በሥራ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደስ ይበልህ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ንዴት ሳያሳምር አይቀርም፣ ያየኝ ሁሉ አምሮብሻል ይለኛል።

መልእክትህ ደርሶኛል። ታላቅ እኔ ስለሆንኩ የአባባ ሞተር ሳይክል የሚገባው ለኔ ነው፣ ጠግነሽ ላኪልኝ ብለሃል። እሺ፣ ተጠግናለች። አባባ ከወደቁባት ቀን ጀምሮ ሸራ ለብሳ ጥግ ይዛ የኖረችውን አሮጊት አውጥቼ ብትንትኗን አወጣሁት።

የጭስ ማውጫው ቫልቭ አንገቱ ተቆርጦ ጭንቅላቱ ፒስተኑ ላይ ወድቋል። ፒስተኑ ተበስቷል፣ ከላይ ያለው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታውም፣ ውስጡ ተቦርቡሯል። ብረት የሚቀርጸው የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ አይቶ በኪሎ ሽጫትና ተገላገይ አለኝ። እልሄን አያውቅማ! ቫልቩ የሚያርፍበት አዲስ መቀመጫ አስገጠምኩ፤ አዲሱንም ቫልቭ ቤንዚን ሲፈስበት ጠብታ እስከማያሳልፍ ድረስ በእጄ እያሸሁ ከመቀመጫው ጋር አስማማሁት። መዳፌ ተልጧል።

አሁን የቫልቩን ክዳን ስከፍት ያየሁትን ልንገርህ። አባባ የቫልቩን ክፍተት ለክተው ሲጨርሱ ማስተካከያ ብሎኑ ላይ የእማማን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉ ነበር፤ ሰው ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል። ተሰንጥቋል። ብሎኑም እስከ መጨረሻው ጠብቋል፣ ቫልቩ ሲግል የሚለጠጥበት ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ የለም።

የተሰነጠቀው ያኔ እጮኛህ የነበረችውን ሚስትህን ልታንሸራሽርባት የተዋስካት ጊዜ ነው። ልጅቷ እንደ ስፌት መኪና ትንኳኳለች ብላ ሳቀችብህ። ስትመልሳት ጩኸቷን ገላገልኳችሁ ብለህ ጉራህን ነፋህብን። አባባ ግን ቫልቭ ሲንኳኳ ይኖራል፣ ዝም ሲል ይቃጠላል ብለው አይደል ያሳደጉን? ሌላ ሰው የዘጋውን ሞተር ራሳቸው ከፍተው ሳይለኩ ነድተው አያውቁም። ያን ቀን ብቻ፣ ልጄ ነው የዘጋት አሉና ሳይለኩ ተነሡ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ነክሶ ደረቀና ጎማዋ ቆመ።

ዘይት ብቻ ነው የቀየርኩት ብለህ ማልክ። አልጋ ላይ ሆነው ሰው ሲጠይቃቸው አባባም አዎ፣ እጄ ከዳኝ ይሉ ነበር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ያንተን ስም ሊያድኑ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንተ ደግሞ ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ የሽማግሌው እጅ ተንቀጥቅጦ ነው እያልክ ለቀስተኛው ሁሉ ነገርክ። አፈሩ ሳይደርቅ የጋራዣቸውን ደንበኞች ይዘህ ሄድክ። እጠላሃለሁ። ይህንን በአፌ ብናገረው ስለማለቅስ ነው የጻፍኩልህ።

አሮጊቷን የጭነት መኪናው ሹፌር ያደርስልሃል። ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ብሎኑም ላይ ቀዩን ቀለም ጠብ አድርጌበታለሁ። የአባባን ቀጭን የብረት ክፍተት መለኪያ በጨርቅ ጠቅልዬ ከኮርቻዋ ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ከመንዳትህ በፊት ከፍተህ ለካ። እህቴ ናት የዘጋቻት ብለህ ካመንከኝም ያንተ ጉዳይ ነው። መለካት እጁን የማያምን ሰው ሥራ ነው ትል አልነበር?

አስነስቼ ሰምቻታለሁ። እንደ ድሮው አትንኳኳም፤ ሚስትህ እንደምትወደው ጸጥ ብላለች።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እሷ ምንም አላደረገችኝም፤ አደራህን፣ ከኋላህ አታፈናጥጣት።

እግዜር መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።

ታናሽ እህትህ