ከሠላሳ ወደብ የባሰው ወጥ

ካርቱም፣ ሳጃና
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ዘርይሁን፤

ሰሞነ ሕማማት ነውና ሰላም አልልህም፤ ክልክል ነው። በሌላ ሳምንት ብጽፍልህ ኖሮ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ማለት ግድ ይሆንብኝ ነበር። ኩላሊቱ ለደረቀ ሰው እንዲህ ያለው ጥያቄ ሹፈት ነው። ስለዚህ ሳምንቱ ተመችቶኛል።

ዓይንህ ስለደከመ ይህን የምታነብልህ፣ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ወስዳ የምታስታምምህ እህትህ ዮሳቤጥ እንደሆነች አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እሷም ትስማ፤ የእሷም ድርሻ አለበት።

የላክብኝን መልእክት ጎረቤታችሁ ናሆም ከአዲስ አበባ መጥቶ አድርሶልኛል። «ኩላሊት ካላገኘ ክረምቱን አይሻገርም። ዮሳቤጥ ስኳር ስላለባት አትሰጥም፣ ልጅ አልወለዳችሁ፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጎረምሳው ያሳዝናል። ለእሱ ስል ሄጄ ተመረመርኩ። ውጤቱ ባለፈው ሐሙስ ወጣ፤ ይስማማል። ከሁለቱ አንዱ የአንተ ሊሆን ይችላል። ከመስጠቴ በፊት ግን የምነግርህ ነገር አለ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ቆየሁ።

እስቲ ከወሬህ ልጀምር። ሳጃና ውስጥ የአንተን የባሕር ወሬ ያልሰማ ሐበሻ የለም። በግሪኮች የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ቅባተኛ ሆነህ ሠላሳ ወደብ ረገጥክ። በ83 ሀገር ስትገለባበጥ መርከቡ ፖርት ሱዳን ቆሞ ነበር፤ ወረድክና በዚያው ቀረህ። ከዚያ ሁሉ ዓለም ይዘኸው የመጣኸው የምግብ ሐሜት ብቻ ነው። እኔ ምድጃ ላይ ስጠበስ አንተ ምግብ ቤቴ ጥግ ያለውን ወንበር ይዘህ ትጀምራለህ።

«ሊቨርፑል አተሩን ስሙን እስኪረሳ ይቀቅሉታል። አሣውን ዘይት ውስጥ አስጥመው በወረቀት ይጠቀልሉታል፤ ወረቀቱ ከአሣው ይሻላል።» እንግዳው ይስቃል። «ኦዴሳ ደግሞ የአሳማ ስብ፣ ጥሬውን፣ ዳቦ ላይ ጭነው በቮድካ ይገፉታል። ወንዶቹ ሳይሸብቱ የሚቀበሩት ወደው መሰላችሁ?» ሮተርዳም ጥሬ አሣ በጭራው አንጠልጥለው ጉሮሯቸው ውስጥ ይለቁታል። በርገን ላይ አሣውን በልብስ ሶዳ ዘፍዝፈው፣ ሙጫ ሲሆንላቸው ይበሉታል፤ ያውም ለገና! ሂውስተን አይብ ከቆርቆሮ እንደ ፍሊት ይረጫል። «ትንኝ አይገድልም፣ ሰው ግን ይገድላል!» ስትል ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ወላሂ እኔም ከልቤ እስቅ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነበርክ፣ ይህን አልክድህም።

ወደቡ ሲያልቅብህ ግን ወዳለንበት ሀገር ትመጣለህ። ፉል «ለፈረስ የተቀቀለ ባቄላ» ነው። ከወል፣ ያ ሱዳኖቹ አብላልተው ወጥ የሚሠሩበት ቅጠል፣ «የሬሳ ቅጠል» ነው። ጎረቤታችን ሉጥፊያ፣ ያቺ የዋህ ሱዳናዊት፣ ከቤቷ በሳህን ይዛልህ መጥታ በራፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አንተ ቀምሰህ ፊትህን ታኮማትርና በአማርኛ ትሰድባለህ። ሠላሳ ዓመት በሰው ሀገር ኖረህ «ያላ» እና «ኸላስ» ብቻ ነው የምታውቀው። «ጋል ሽኑ?» ትለኛለች፣ ምን አለ? «እጅሽ ይባረክ ይላል» እላታለሁ። ደስ ብሏት ትሄዳለች። በአንተ አፍና በሰው ጆሮ መካከል ቆሞ መዋሸትን እንዲህ ነው የለመድኩት።

የ2012ን ጥምቀት አትረሳውም። ወይም ረስተኸዋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዮሳቤጥ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እህትህን ለማስደሰት ሁለት ቀን ሙሉ ቆሜ ሠራሁ። ዶሮውም አልቀረ፣ ቀይ ወጡም አልቀረ። በማለዳ ደግሞ ሉጥፊያን ጠርቼ በደረቀ ባሚያ ዱቄት የሚሠራውን የሱዳኖቹን ወጥ አብረን መታን፤ ዮሳቤጥ የምንኖርበትን ሀገር እጅ ትቅመስ ብዬ ነው። አሥር ሰው ተቀምጧል። የነፍስ አባትህ አባ ወልደሥላሴም ነበሩ። አንተ ዶሮውን ሳትነካ ማንኪያህን እዚያ ወጥ ውስጥ ነከርክና ከመቀመጫህ ተነሣህ። ማንኪያውን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሳብከው፤ ወጡ እንደ ገመድ ተከተለህ። «መልሕቅ ሳብ!» ብለህ ጮህክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ማንኪያውን ጣልክና፣

«በሠላሳ ወደብ መጥፎ ምግብ በልቻለሁ፤ የባሰውን ግን አገባሁት!»

ዮሳቤጥ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም በይና አስታውሺ። እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ዓይንሽን በነጠላሽ እየጠረግሽ «ዘመናይዬ፣ አትቀየሚ፣ ቀልድ እኮ ነው» አልሽኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳህኑን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ስገባ ሉጥፊያ እጇን እያደራረቀች «ጋል ሽኑ?» አለችኝ። «ከበላሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል አለ» አልኳት። በበሩ አንገቷን አሾልካ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልህ። አንተም በማንኪያህ ሰላም አልካት። ያኔ ነው ሆዴ የቆረጠው።

በሳምንቱ ራስ ምታቱ ጠናብህ፣ ፊትህም አባበጠ። በሪክሻ ቡሪ ሰፈር ወስጄ ዶክተር ሬሕማ ዘንድ አስገባሁህ። ሽንት ስጥ ብለው ወደ ላቦራቶሪው ሲልኩህ ሴትዮዋ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ኩላሊቱ ግማሹ ሄዷል። ግፊቱ ነው። ጨው የለም፣ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። የእናንተ የሐበሾች የጾም ምግብ አለ አይደል? ምስር፣ ጎመን፤ ጨው አሳንሰሽ እሱን አብይው። ከተጠነቀቀ ሽማግሌ ሆኖ ይሞታል። ካልተጠነቀቀ ሦስት ዓመት አልሰጠውም።»

ለምን ለእኔ እንደነገረችኝ ይገባሃል። እዚህም እኛም ሀገር ያው ነው፤ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፣ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፣ ቤተሰብ አለዝቦ ያደርሰዋል። ልነግርህ ነበር። እመነኝ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ከላቦራቶሪው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን ሐበሾች አየህና፣ ሰው ካየህ መች ያስችልሃል፣ «ምን አለች? የመረዘኝ ወጥሽ ነው አይደል?» ብለህ ሳቅክ። እነሱም ሳቁ።

«ደም አንሶሃል» አልኩህ። «ሥጋና ቅቤ ይብላ፣ ይጠንክር ብላለች።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ክኒኑን «የደም ነው» እያልኩ ሰጥቼሃለሁ፣ እሱን አልከለከልኩህም። የቀረውን ግን አንተው ታውቀዋለህ። በጋላባት በኩል ቅቤ በጣሳ አስመጣሁልህ። ክትፎ በሚጥሚጣ፣ ቁርጥ በአዋዜ፣ ጥብስ በጨው ላይ ጨው። ሁዳዴ ሲገባ አባ ወልደሥላሴ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። «ደም ያነሰው ሰው ነው፣ ሐኪም ሥጋ አዝዞለታል» አልኳቸው። ርኅሩኅ ናቸው፤ «በሽተኛ አይገደድም» ብለው ከጾም ፈቱህ። ሐኪሟ መድኃኒትህ ነው ካለችው ጾም ማለቴ ነው። ሀገሩ ሁሉ ሽሮ ሲበላ አንተ ብቻ በቡራኬ ቅቤ ጠጣህ።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። የበቀል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በቀሉ ስድስት ወርም አልቆየ፤ ከዚያ ወዲያ ቂሜ ራሱ ደከመው። ያበላሁህ ስለምታመሰግነኝ ነው። በትዳራችን ሃያ ሁለት ዓመት ከአፍህ ያልሰማሁትን መስማት ጀመርኩ። «ዘመናይ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» ትላለህ፣ እንግዳ ፊት፣ ጮክ ብለህ። «ሠላሳ ወደብ ያላገኘሁትን ጓዳዬ ውስጥ አገኘሁት» ትላለህ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ማታ ስተኛ «ነገ እነግረዋለሁ» እላለሁ፤ ጧት ተነሥቼ ቅቤ አነጥራለሁ። ብነግርህ ወደ ጎመኑ እንመለሳለን፣ ወደ ስድቡም እንመለሳለን። አንድ ቀን እግርህ አብጦ በአውራ ጣቴ ብጫነው ሊጥ ላይ እንደተጫንኩ ጎድጉዶ ቀረ። አየሁት። የዚያን ዕለትም ጥብስ ጠበስኩልህ፣ አንተም መረቅከኝ።

እና ዘርይሁን፣ የሊቨርፑል ዘይት አልጣለህም፣ የኦዴሳ ስብም አልጣለህም። የጣለህ ስታወድሰው የኖርከው የሀገርህ ምግብ ነው። የኦዴሳ ወንዶች መቃብር ላይ ስታላግጥ የከረምክ ሰውዬ፣ አሁን ጨው የሌለው ፓስታ በማንኪያ ታጎርስሃለች አሉ ዮሳቤጥ። ሲነግሩኝ አልሳቅኩም ብልህ ውሸት ነው፤ ስቄያለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለአንተ ይሁን ለራሴ አላውቀውም። ክትፎስ ምን በደለ፤ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ነው። የእስላሙም ጾም ከእኛ ጋር ገጥሞ ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ ሁሉም የመግሪብን አዛን ይጠብቃል። ሉጥፊያ ትናንትም ጠየቀችኝ፣ በየሶላቷ ትጸልይልሃለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እሷ ግን ቂም የላትም፣ ምን እንዳልካት አንድም ቀን አልነገርኳትማ። እኔ ነኝ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መስገድ ያቃተኝ። በዚህ ሳምንት ይፍታሽ የሚል የለም፤ ቢኖርም ለአባ ወልደሥላሴ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ጾምህን እንዲፈቱ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ስለ ኩላሊቱ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ለቅዳሜ ሚያዝያ 7 ጧት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሞቹ ለብቻዬ አስገብተው «ወደሽና ፈቅደሽ ነው ወይ የምትሰጪው?» ብለው ይጠይቁኛል አሉ። ወድጄ ነው እላለሁ። አንተን ወድጄ ግን አይደለም። አብሬህም አልኖርም፤ ቁስሌ ሲደርቅ ወደ ምግብ ቤቴ እመለሳለሁ። እንዳትመርቀኝ፣ እንዳታመሰግነኝ። ምርቃትህን በቂዬን በልቻለሁ፣ ከዚህ በላይ አይወርድልኝም።

አሁን የምናገረው ለአንቺ ነው፣ ዮሳቤጥ። ለእሱ ሳታነቢለት በፊት ለብቻሽ ገብተሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ የሰው ደብዳቤ ቀድሞ መክፈት አመልሽ ነው። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ። ከናቀው ሰው እጅ ውሃ የማይጠጣ ግትር ነው። ይህን ሁሉ ካነበብሽለት ኩላሊቴን አይነካትም፣ እየተሳደበ ይሞታል። ደብቀሽ «ሰላም ብላሃለች» ካልሽው ይቀበላል፣ ይድናል። ያን ጊዜ ግን ዕድሜውን ሙሉ እኔን እየመረቀ ይኖራል፣ አንቺም አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «አሜን» እያልሽ ትሰሚያለሽ። ምን ምን እንደሚል እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀምሼዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ይጣፍጣል። ሌላ መንገድ ፈልጌልሽ ነበር፣ አጣሁ። ብዙም አልፈለግኩም፣ ልዋሽሽ አልችልም።

እኔ በሁለቱም እመጣለሁ። ናሆም ነገ ስለሚበር ደብዳቤው ከእኔ በፊት ይደርስሻል። ሦስት ቀን አለሽ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቦሌ መውጫው በር ላይ ቁሚ። የቱን እንደመረጥሽ ፊትሽን አይቼ አውቀዋለሁ።

ዘመናይ