ከጋዜጣው ሥር ያለው ቤተ መቅደስ

ውዴ ታዴ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። መቃብርህ ላይ ሣር በቅሏል፤ ልጃችን አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ደህና ደህናውን ያስቀደምኩት ሌላውን ለመናገር ስለፈራሁ ነው። አንተ እያለህ እንዲህ ፈሪ አልነበርኩም፣ ታውቃለህ።

የሚያስፈራኝ ለሚስተር የሣልከው ሥዕል ነው። ህንዳዊው የሂሳብ አስተማሪ ጓደኛህ ኮንትራቱ አልቆ ከአሰላ ሲሄድ ሦስት የደበዘዙ ፎቶግራፎችና በእርምጃ የለካቸውን ቁጥሮች ትቶልህ ነበር። ህንድ አገር ያለው የትውልድ መንደሩ አሮጌ ቤተ መቅደስ ነው፤ ጣሪያውን ዛፍ የሰነጠቀው፣ ፍየል የሚያድርበት፣ የመንደሩ ሰው ሐውልቶቹ ላይ ልብስ የሚያሰጣበት። ማንም ዞር ብሎ አላየውምና ሳይፈርስ መልኩ በወረቀት ይቅርልኝ ብሎ ለመነህ። አንተም የእንጨት ሥራ አስተማሪ አይደለህ፣ ማስመሪያህን ይዘህ ቁጭ አልክ። ቤቴ ጣዖት አስገባህብኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። በሦስተኛው ቀን ያቺን እጇ ተሰብሮ የምትጨፍረዋን ሐውልት ሳይ አሳዘነችኝና ወረቀቱን ወጥሬ የምይዝልህ እኔው ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ተሰብስበን የቤት ለቤት አሰሳ እንደሚጀመር ተነገረን። ሲሬ በኩል አንድ ሰው ቤቱ በተገኘ ወረቀት ተወስዶ አልተመለሰም እያሉ ያወራሉ። ቤት ገብቼ ሥዕልህን ዘረጋሁት። ያኔ ነው የታየኝ። ምሥራቅ በር፣ ምዕራብ በር፣ የእርምጃ ቁጥር፣ ቀስት፤ በየበሩ ግራና ቀኝ ደግሞ በራስህ እጅ «ዘበኛ» ብለህ ጽፈሃል። ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ዘበኞች ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ለሚያየው ሰው መሥሪያ ቤት ለማጥቃት የተነደፈ ነው የሚመስለው።

ፎቶግራፎቹን የዚያኑ ዕለት ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ይቅር በለኝ። የአንተን እጅ ሥራ ማቃጠል ግን አቃተኝ። ዱቄት በጥብጬ የሣልክባቸውን ስድስቱንም ወረቀት መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ጋዜጣ ደረብኩባቸው። ግድግዳችን ድሮም ጋዜጣ ነው፣ ማን ይለየዋል ብዬ።

በማግስቱ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የእህሉን ጆንያ ወጉ፣ የልጅቱን ደብተር ሳይቀር አገላበጡ። አንደኛው እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ገና እርጥብ ነበር። ጣቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከሐዘኑ በኋላ ቤቱን ላድስ ብዬ ነው አልኩት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዱቄቱ ላይ በርበሬ ካልጨመርሽበት አይጥ ይበላዋል ብሎ መከረኝ። ሲወጡ ተመልሰን እንመጣለን አሉ።

ሰውየው እውነቱን ነው። ጠዋት ልጅቷን ሸኝቼ ስመለስ ከጋዜጣው ሥር ሲቆረጥም እሰማለሁ። ልላጠው ብል ሥዕሉም አብሮ ይቀደዳል፤ እነሱም ሊመለሱ ይችላሉ። ጎረቤት ድመት ልዋስ ሄጄ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አይጥ ማለት እንኳ ፈርቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የትኛውን ሐውልት እየበሉት ይሆን እያልኩ እሰማለሁ።

ይህንንም ደብዳቤ አንዴ አንብቤልህ እሳት ውስጥ ነው የምከተው። ከእንግዲህ ወረቀት አላምንም። ሚስተር አንድ ቀን ቢጽፍ የምመልስለት እንዳላጣ፣ በየቀኑ ዓይኔን ጨፍኜ በምሥራቁ በር እገባለሁ። ምሰሶዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ላይ እጀ ሰባራዋ፣ ቀጥሎ ዝሆኑ፣ ከዝሆኑ ቀጥሎ ልጇን ያዘለችው እናት። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ግን ይጠፋብኛል፣ ታዴ። ይኸው ሦስት ቀኔ። ሌሎቹን ላልረሳ ቃል እገባልሃለሁ። ዘጠነኛውን የሣልክ ቀን ያ የወሰደህ ሳል ጀምሮህ ነበርና፣ ወረቀቱን ይዤ የማየው ፊትህን ነበር። እሱን እስክሞት አልረሳውም።