አህያ የበላው የጣሪያ ምልክት

በእንጦጦ የግቢውን ቤቶች እንዲያሳድሱ ለተሾሙት ለክቡር ባላምባራስ ገረሱ ይድረስ፤ በማርያም ደጀ ሰላምም ከቅዳሴ ለሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ይነበብ።

ጌታዬ ሆይ፣ እኔ ወልደ ሐዋርያት ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ዛሬም እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ውሃዬን ከቀበና ወንዝ ራሴ አወጣለሁ፣ አህያዬን ቡላን ራሴ እጭናለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን ራሴ ጻፍሁ። ፊደሌ እንደ ሰከረ ሰው ቢንገዳገድ አይፍረዱብኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በደረቅ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይህን ክረምት ከራስዎ በላይ በላይ ያሳልፍልዎ።

እንደሚያውቁት የምንኖርባቸው ቤቶች የግቢው ናቸው፤ ግቢውን ያገለገለ ይኖርባቸዋል፣ ግቢው ደግሞ ይከድናቸዋል። ዘንድሮ በእርስዎ ጥበብ ነገሩ ሥርዓት ያዘና፣ በግንቦት አዋጅ ነጋሪዎ በሰፈራችን ዞሮ፣ ቤቱ የሚያፈስበት ሁሉ አንድ እስር እርጥብ ሣር በደጁ ይስቀል፣ ምልክቱ የታየበት ይከደንለታል፣ ያልታየበት ግን ደኅና ቤት ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ያለ ሹም ፈቃድ የግቢን ጣሪያ የነካም ከቤቱ ይወጣል ብሎ ለፈፈ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሣሩ። በግንቦት፣ ከየካ እስከ ካራ ያለው ሜዳ እንደ እኔ ራስ ተመልጦ ከብት አፈር ሲልስ፣ እርስዎ በየደጁ እርጥብ ሣር አሰቀሉ። የሰፈሩ ከብት ሁሉ መርቆዎታል፤ ከመራቂዎቹም አንዱ ቡላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤቴ ስለ ሎሚ። ባሏ በዳዳ የጦር ሰው ነው፤ ዘመቻ ሲሄድ ጉልበቴን ስሞ፣ አባቴ፣ ሎሚንና በሆዷ ያለውን አደራ ብሎኝ፣ እኔም እሺ ብዬው ነበር። የእነሱ ጣሪያ ተኝተው ኮከብ የሚቆጠርበት ነው። ሎሚ ያን ሆዷን ይዛ ቀበና ወርዳ ሣር አጭዳ መጣች፤ እጇ ወደ ላይ አልነሣ ስላላት እምብርት በሚደርስ ከፍታ አሰረችው። እኔ የአህያዬን አፍ ስለማውቅ የራሴን ከደጄ ምሰሶ አናት ላይ ሰቅዬ፣ በረንዳዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። አንድ ጊዜ አባባ ብትለኝ እነሣ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት እንጨትሽን ወደ እኔ አጥር አስጠጋሽው ብዬ ተቆጥቻት ነበርና አልጠራችኝም፤ እኔም ካልጠራችኝ አልነሣም አልሁ። በማግስቱ ማለዳ ቡላ ከእስሩ ተፈትቶ በደጇ ቆሞ ሲያላምጥ አገኘሁት። እንኳን ሣሩን፣ ማሰሪያውን ልጥ አላስቀረም።

ሌላ አጭጄ ልሰቅልላት ሳስብ የእርስዎ ሰዎች ከች አሉ። አለቃቸው ፈዬራ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን አደረገ። ቀና ብሎ ጣሪያዋን አላየም፣ ዝቅ ብሎ ደጇን አየና አለፈ። በአንድ ማዕዘን ብቻ ያንጠባጥብ የነበረውን የእኔን ቤት ግን በአዲስ ሰንበሌጥ እስከ ጉልላቱ ከደነልኝ። የወልደ ሐዋርያት አህያ የጎረቤቱን ጣሪያ በላ እንዳልባል ፈርቼ፣ ጌታዬ፣ እኔ ቆሜ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ስለ ጣሪያው አመሰግናለሁ፤ ውሃ አያስገባም፣ እንቅልፍም አያስገባም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰጡኝ መልስ። ኋላ እፍረቴን ውጬ ደጅዎ ድረስ ወጣሁና ነገሩን እንዳለ ተናገርሁ። አሽከሮችዎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እርስዎም በመጨረሻ ምልክት ያልታየበት ቤት ደኅና ቤት ነው፣ አዲስ የሚሰቀል ሣር ከመኸር በኋላ ይታያል የሚል ቃል ላኩልኝ። ሎሚ እንግዲህ በዚያ ደኅና ቤት ውስጥ በሰኔ ዝናብ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለት ሴቶች ከበላይዋ ቁርበት ወጥረው ይዘው፣ ሌላዋ ውሃውን በገበቴ እየቀዳች ወደ ውጭ ትደፋ ነበር። ከእኔ ቤት ግቢ ብዬ ብለምናት፣ ይቅርብኝ አባባ፣ የእርስዎ ቤት ቢያፈስ እመጣ ነበር፣ ደረቅ ቤት አልለመድሁም አለችኝ። ይህን ቃል ከእርስዎ ቃል ጋር አብሬ ይዤዋለሁ፤ የሷ ይከብዳል። ሕፃኗ አሁን ታስላለች። ሌሊት በአጥሩ በኩል ይሰማኛል፤ ክረምቱም ገና መግባቱ ነው።

አራተኛ የለኝም። ያለኝ ዕዳ ነው፤ እሱንም እርስዎን ሳላስቸግር ራሴ እከፍላለሁ።

ለሎሚ የጣሪያ ዕዳ አለብኝ። ነገ ሰኞ መሰላሌን አቁሜ አዲሱን ሰንበሌጤን ከቤቴ ላይ እየገፈፍሁ አወርዳለሁ፤ ቡላ ይሸከማል፣ እኔ እከድናለሁ። የግቢን ጣሪያ ያለ ፈቃድ የነካ ከቤቱ ይወጣል ማለትዎን አልረሳሁም፤ ስለዚህ አስቀድሜ በሕዝብ ፊት ነገርሁዎ። ጉልላቱ፣ ወጋግራውና ማገሩ አንድ ሳይጎድል ይቆይዎታል።

ለበዳዳ የቃል ዕዳ አለብኝ። ከዘመቻ ሲመለስ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ከመንገድ ተቀብዬ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ያድርገኝ።

ሟች ባለቤቴ የማርያምወርቅ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ሳይጠራህ መነሣት መቼ ይሆን የምትማረው እያለች ስትሞግተኝ ኖራ ነበር። ለእሷ የመነሣት ዕዳ አለብኝ። ዘግይቼ ተነሣሁ።

ደጅዎን ጠንቶ መልስዎን የጠገበ፣ በቸርነትዎ ደርቆ በኀፍረቱ የራሰ፣ ለጊዜው የግቢው ቤት ነዋሪ፣

ወልደ ሐዋርያት

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከነገ ጀምሮ ቤቴ ያፈሳልና፣ እንደ አዋጅዎ ዛሬ አንድ እስር እርጥብ ሣር በደጄ ሰቅያለሁ፤ በዚህ ጊዜ እምብርት በሚደርስ ከፍታ ነው። የእርስዎ ሰዎች ቀድመው ይደርሱ እንደሆን እንጃ፤ ቡላ ግን ከአሁኑ ቆሞ እያየው ነው።