ምች የመሰለኝ ቁስል

ይድረስ ለልጄ ለሩሃማ። በሰው አገር የሰው ፍቅር ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ካራ ሰፈር ዝናቡ ገና አላባራም።

ልጅሽ ኤልዳና አፍና አፍንጫዋ ዙሪያ ቁስል ወጥቶባት ነበር። ምች መስሎኝ ዳማከሴ አሸሁላት። ቁስሉ ግን ፈርጦ ማር የመሰለ ቅርፊት ያዘ። የጎረቤታችንን የዳርቱን ሕፃን ፊት በኤልዳና ፎጣ ጠርጌው ኖሮ፣ በሳምንቱ እሱም ላይ ወጣ።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ፣ «እማማ፣ ይሄ ምች አይደለም፤ በንክኪ የሚተላለፍ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው» አለችኝ። ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እያጠብኩ ቅባቱን እንድቀባ፣ ሽሮፑንም ቢሻላት እንኳ ሳላቋርጥ እንድጨርስ፣ ፎጣዋን እንድለይ ነገረችኝ። ዳርቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አሁን ሁለቱም ድነዋል።

ሩሃማ፣ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በአደራ የተውሽልኝን ልጅ እንደዚያ ሆና እንድታዪያት አልፈለግኩም። ትናንት ግን ኤልዳና፣ «እማዬ የማታየኝ ፊቴ አስጠልቷት ነው?» አለችኝ።

በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። እሑድ ስትደውዪ ካሜራውን እከፍታለሁ። እኔን ከመቆጣትሽ በፊት ፊቷን ደህና አድርገሽ እዪላት።

እናትሽ አገርነሽ