ማንም ያልነበረበት የወንዝ ዳር

ኅዳር 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጁባ። ከትናንት ጀምሮ የወንዙ መውረጃ ተቆልፏል።

ለተከበሩ አቶ ከፍያለው፣ የወንዝ ዳሩ የጤና ማረፊያ ባለቤት

እንደምን አደሩ? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ጤና የሚሸጥ ሰው ታሞ ቢታይ ለገበያውም አይበጅምና። በትናንቱ ምረቃ ንግግርዎን ወደ ጁባ ዓረብኛ እንድመልስ ስላከበሩኝ እያመሰገንኩ፣ ሥራዬን ያልጨረስኩበትን ምክንያት በአደባባይ ላስረዳ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቦታው ታሪክ። «እኛ ስንመጣ እዚህ ማንም አልነበረም» ብለዋል። የዓሣ አጥማጆች መንደር እንደነበረ የሚያስታውሱት እዚያው የሚኖሩት ብቻ ስለሆኑ፣ ለንግግር የሚበቃ ቁጥር የላቸውም። እንግዶችዎ ፎቶ የተነሡበትን ማንጎ የተከለው የጀልባ ቀዛፊው የዋኒ አባት ነው። ወባ የጣለው ሰው ከማላኪያ ሰፈር ድረስ እየመጣ ጥላው ሥር ሰሌን ላይ ተኝቶ ያገግም ነበር። ስቲም ባዝ ግን አልነበረም፤ ጉድለቱን ስለሞሉ ምስጋና ይገባዎታል።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው እንግዳ። የአንድ ድርጅት ዳይሬክተር ናቸው ብለዋል። በትሕትና ላርምዎት፤ እርስዎ ነዎት። በ2008 ሐምሌ ተኩሱ ሲከፈት ዋኒ እኛን ሐበሾችን በጀልባው ወደ ደሴቱ ሲያሻግር፣ እርስዎ በወባ ይንቀጠቀጡ ነበር። ተኩሱ ሲበርድም መልሶ ያወረደን በዚሁ አሁን በተቆለፈው መውረጃ ነው። ዋኒና ቤተሰቡ ማንጎው ሥር አስተኝተው አስታመሙዎት፤ ሚስቱ ፖኒ ለልጆቿ ከሠራችው የማሽላ ገንፎ ቀንሳ አጎረሰችዎት። የአልጋ ኪራይ አልተጠየቁም።

ዛሬ መውረጃው ላይ ዘበኛ ቆሟል። ዋኒ ጀልባውን የሚያስርበት፣ ፖኒም ውኃ የምትቀዳበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ለዋኒ ግን የምረቃ ጥሪ ካርድ ልከውለታል፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። እንግዳ ባለቤቱን ወደ ገዛ ደጁ በካርድ ሲጠራ ለማየት ስላበቁን ውለታዎ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ስለ እኛ። በዚያች ጀልባ የተሻገርነው ሁሉ ትናንት አዲስ ልብስ ለብሰን፣ ከፊት ተቀምጠን አጨበጨብንልዎ። ለሎቢዎ የሚመጥን ቃል አይደለም እንጂ፣ አፍሬያለሁ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ አንዱ «ሐበሻ» ብሎ ሲጠራኝ ዞር ለማለት ከእንግዲህ ጊዜ ይወስድብኛል።

ስለዚህ መውረጃውን ያስከፍቱ ዘንድ እለምናለሁ። ደንበኞችዎ ባልዲ የተሸከመች ሴት ማየት ከከበዳቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው የሚያዞሩበት ወንበር እንደማያጡላቸው እርግጠኛ ነኝ።

የወንዙ ነፋስ እንዲስማማዎ እየተመኘሁ፣
ካከበሩኝ ክብር ገና ያላገገምኩት፣
ባምላክ ረታ፣ ከኮሎሎ ሰፈር

ማስታወሻ፦ በንግግርዎ መሀል ስለጠፋሁ ይቅርታ። «ማንም አልነበረም» የሚለው ላይ ስደርስ መተርጎም ማቆሜን አስተውለው፣ እንድቀጥል በእጅዎ ምልክት ሰጥተውኛል። ዋኒ ካርዱን እንደያዘ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ጠጋ ብሎ በዓረብኛ፣ «ስለ እኛ ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።